ከሎድ እስከ ጎንደር፦ የአየር ርቀቱ፣ የበረራ ሰዓቱና የጉዞው ጠቅላላ ጊዜ

ከሎድ ከተማ አጠገብ ካለው የቤን ጉርዮን አውሮፕላን ማረፊያ አዘዞ በኩል እስካለው የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ያለው የአየር ርቀት 2,170 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ የመንገደኞች ጄት ይህን ርቀት ሳያርፍ ቢበር 3 ሰዓት አካባቢ ይበቃዋል። ነገር ግን በሁለቱ ከተሞች መካከል መደበኛ የቀጥታ የመንገደኞች በረራ የለም። መንገደኛው በመጀመሪያ አዲስ አበባ ይወርዳል፤ ከዚያ ሌላ አውሮፕላን ተሳፍሮ ወደ ሰሜን ይመለሳል። ስለዚህ በካርታ ላይ የ3 ሰዓት የሆነው መንገድ ከቤት እስከ ቤት ሲቆጠር ከ15 ሰዓት እስከ አንድ ሙሉ ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል።

ዘመድ ለመጠየቅ፣ የወላጅ መቃብር ለማየት፣ ወይም መርዶ ሰምቶ ለለቅሶ ለመድረስ የሚነሳ ሰው ይህን ልዩነት አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅመዋል። «አውሮፕላን እኮ ፈጣን ነው» ብሎ የተነሳ ሰው አዲስ አበባ ላይ ሲያድር፣ ጎንደር የሚጠብቀው ቤተሰብ ደግሞ ሲጨነቅ ይታያል። ከዚህ በታች ርቀቱ፣ ሰዓቱ፣ የሰዓትና የቀን አቆጣጠሩ፣ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ሊያስቡባቸው የሚገቡ ነገሮችና የመንገዱ ታሪክ በየተራ ቀርበዋል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ርቀቱ በአጭሩ

ከቤን ጉርዮን እስከ ጎንደር በቀጥታ መስመር፦ 2,170 ኪ.ሜ. ገደማ
ከቤን ጉርዮን እስከ አዲስ አበባ ቦሌ፦ 2,580 ኪ.ሜ. ገደማ
ከአዲስ አበባ እስከ ጎንደር በአየር፦ 420 ኪ.ሜ. ገደማ
በአዲስ አበባ በኩል ያለው ድምር፦ 3,000 ኪ.ሜ. ገደማ
ከአዲስ አበባ እስከ ጎንደር በመኪና፣ በባሕር ዳር በኩል፦ ወደ 740 ኪ.ሜ.

ከእነዚህ ቁጥሮች ሁለት ነገር ይታያል። አንደኛው፣ በአዲስ አበባ በኩል መዞሩ በመንገዱ ላይ 830 ኪሎ ሜትር ያህል ይጨምራል። ሁለተኛው፣ ከአዲስ አበባ እስከ ጎንደር ያለው የአየር ርቀት እስራኤልን ከሰሜን ጫፍ እስከ ደቡብ ጫፍ፣ ማለትም ከመቱላ እስከ ኤይላት፣ እንደ ማቋረጥ ያህል ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ የደረሰ ሰው ጎንደር ደርሻለሁ ማለት አይችልም። ከፊቱ ገና አንድ የእስራኤል ርዝመት ይቀረዋል።

የአየር ርቀት እንዴት ይለካል?

የአየር ርቀት ማለት በምድር ገጽ ላይ ሁለት ቦታዎችን የሚያገናኘው አጭሩ መስመር ነው። ተራራ፣ ገደልና ወንዝ አይቆጠሩበትም። ምድር ክብ በመሆኗ መስመሩም የምድርን ክብነት ተከትሎ ይለካል።

ትምህርት ቤት የተማረም ያልተማረም ሰው ይህን ርቀት በቀላሉ ሊያሰላው ይችላል። ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ያለው ርቀት ኬክሮስ በሚባል ዲግሪ ይለካል። አንዱ የኬክሮስ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሎድ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 32ኛው ዲግሪ ላይ ትገኛለች። የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ ያለው 12 ዲግሪ ተኩል ላይ ነው። ልዩነቱ 19 ዲግሪ ተኩል ይሆናል። 19.5 በ111 ሲባዛ 2,165 ይመጣል። ጎንደር ከሎድ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ስለምታዘነብል ጥቂት ኪሎ ሜትር ይጨመርና ርቀቱ ወደ 2,170 ይደርሳል።

አብራሪዎች ግን በኪሎ ሜትር ሳይሆን በኖቲካል ማይል ይቆጥራሉ። አንድ ኖቲካል ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። በእነሱ አቆጣጠር ከሎድ እስከ ጎንደር 1,170 ኖቲካል ማይል ያህል ነው። በኢንተርኔት ርቀት ሲፈለግ የተለያየ ቁጥር የሚመጣበት አንዱ ምክንያት ይህ የመለኪያ ልዩነት ነው። ሌላው ምክንያት አንዳንዱ ከከተማ መሃል፣ ሌላው ደግሞ ከአውሮፕላን ማረፊያ መለካቱ ነው። የጥቂት ኪሎ ሜትር ልዩነት ሊያሳስብ አይገባም።

የበረራ ሰዓቱ

ትልልቅ የመንገደኞች ጄቶች ከፍታቸውን ከያዙ በኋላ በሰዓት ከ800 እስከ 900 ኪሎ ሜትር ይበራሉ። ሲነሱና ሲያርፉ ግን ቀስ ይላሉ። ስለዚህ ርቀቱን ለፍጥነቱ አካፍሎ ግማሽ ሰዓት ያህል መጨመር ለግምት ይበቃል። በዚህ ስሌት ሎድ ጎንደር በቀጥታ ቢኖር 3 ሰዓት ገደማ ይሆን ነበር።

በተግባር ያለው በረራ እንደሚከተለው ነው። ከቤን ጉርዮን እስከ ቦሌ ከ4 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ተኩል ይወስዳል። በስሌት ከሚገኘው የሚበልጠው አውሮፕላኑ በቀጥታ መስመር ስለማይሄድና መሬት ላይ ለመነሻና ለማረፊያ የሚንቀሳቀስበት ጊዜም በትኬቱ ላይ ስለሚቆጠር ነው። ከቦሌ እስከ ጎንደር ደግሞ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በአገር ውስጥ መስመር ላይ ብዙ ጊዜ የሚሰማራው ባለ ፕሮፔለሩ ዳሽ 8 ኪው 400 ስለሆነ ፍጥነቱ ከጄት ያንሳል። አውሮፕላኑ በመንገዱ ላይ ሌላ ከተማ የሚነካ ከሆነም ሰዓቱ ይረዝማል።

ነፋስ የበረራ ሰዓትን ይለውጣል ሲባል ይሰማል። እውነት ነው፤ ነገር ግን በጣም የሚታየው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ወይም ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ በሚደረጉ ረጅም በረራዎች ላይ ነው። ከእስራኤል ወደ አሜሪካ መሄድ ከመመለስ የሚረዝመው ለዚህ ነው። የኢትዮጵያ መንገድ ከሰሜን ወደ ደቡብ ስለሆነ በመሄጃና በመመለሻ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ነው።

አውሮፕላኑ ለምን በቀጥታ መስመር አይሄድም?

ከሎድ ወደ ጎንደር በካርታ ላይ ገመድ ቢዘረጋ በኤይላት አጠገብ ያልፋል፣ ቀይ ባሕርን ይሻገራል፣ ምሥራቃዊ ሱዳንንና ምዕራባዊ ኤርትራን ያቋርጣል፣ ከዚያም ተከዜን ተሻግሮ ጎንደር ይገባል። ሰማይ ባዶ ቢመስልም እያንዳንዱ አገር በላዩ ያለው ሰማይ ባለቤት ነው። አውሮፕላን የሚያልፈው ፈቃድ ባለበትና ሰላም ባለበት ብቻ ነው።

የዚህ መንገድ ሰማይ ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። ኢትዮጵያ ከእስራኤል ጋር የነበራትን ግንኙነት በ1973 አቋርጣ በ1989 መልሳ ቀጥላለች። ሱዳን ለረጅም ዘመን ለእስራኤል በረራዎች ዝግ ነበረች፤ በ2020 ሰማይዋን መክፈት ጀመረች። በሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦርነት ሲነሳ ግን የአገሪቱ ሰማይ ለመንገደኞች አውሮፕላኖች ተዘጋ። ሳዑዲ ዓረቢያ በበኩሏ በሐምሌ 2022 ሰማይዋን ለሁሉም አየር መንገዶች ክፍት እንደምታደርግ አስታወቀች። እንዲህ ዓይነት ለውጥ በመጣ ቁጥር የበረራው መንገድ ይረዝማል ወይም ያጥራል፤ ሰዓቱም አብሮ ይቀየራል። በእስራኤልና በአካባቢዋ ጦርነት ሲኖርም አየር መንገዶች በረራ ያቆማሉ፣ ሲረጋጋ መልሰው ይጀምራሉ።

አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። አውሮፕላኑ ከሎድ ወደ አዲስ አበባ በቀጥታ መስመር ቢሄድ ከጎንደር በስተምሥራቅ 80 ኪሎ ሜትር በሚያህል ርቀት ላይ ያልፍ ነበር። ማለትም መንገደኛው በአገሩ አቅራቢያ በሰማይ አልፎ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ይሄዳል፤ ከዚያም ያንኑ ያህል ተመልሶ ይመጣል።

ከቤት እስከ ቤት ስንት ሰዓት ነው?

የበረራው ሰዓት የጉዞው አንድ ክፍል ብቻ ነው። ከሎድ ወይም ከአጎራባች ከተማ ለሚነሳ ሰው አንድ የተለመደ ስሌት ይህን ይመስላል።

ከቤት እስከ አውሮፕላን ማረፊያ፦ 1 ሰዓት
ከመነሳት በፊት በቤን ጉርዮን መገኘት፦ 3 ሰዓት
በረራ እስከ አዲስ አበባ፦ 4 ሰዓት ከሩብ
ቦሌ ላይ የፓስፖርት ቁጥጥር፣ ሻንጣ፣ ወደ አገር ውስጥ በረራ ማለፍና መጠበቅ፦ 4 ወይም 5 ሰዓት
በረራ እስከ ጎንደር፦ 1 ሰዓት
ሻንጣ ተቀብሎ ከአዘዞ ወደ ከተማ መግባት፦ 1 ሰዓት

ድምሩ ከ14 እስከ 15 ሰዓት ይሆናል። ይህ ሁሉም ነገር ሲቃና ነው። የአገር ውስጥ በረራዎች በአብዛኛው በቀን ስለሚደረጉ ከሰዓት በኋላ አዲስ አበባ የገባ ሰው በዚያው ቀን ጎንደር ላይደርስ ይችላል። እዚያ ካደረ ጉዞው ከ24 ሰዓት ያልፋል። በክረምት ወራት ደግሞ ዝናብና ደመና በረራን ያዘገያሉ።

ሁለቱን በረራዎች በአንድ ትኬት መግዛትና በየብቻው መግዛት አንድ አይደለም። በአንድ ትኬት የተገዛ ከሆነ የመጀመሪያው አውሮፕላን ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥ በሌላ በረራ መውሰድ የአየር መንገዱ ኃላፊነት ነው። በየብቻው የተገዛ ከሆነ ግን ያመለጠው በረራ የመንገደኛው ኪሳራ ሊሆን ይችላል። ሻንጣው እስከ ጎንደር መላኩን ወይም አዲስ አበባ ላይ ተቀብሎ እንደገና ማስረከብ ማስፈለጉንም ቤን ጉርዮን ላይ ሻንጣ ሲያስረክቡ መጠየቅ ይገባል።

ከአዲስ አበባ በመኪና መሄድስ? መንገዱ 740 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን የዓባይን በረሃ ወርዶ መውጣትም አለበት። ለአረጋዊ ሰው በሰላሙ ጊዜም አድካሚ ነው። ከ2023 ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ምክንያት ደግሞ መንገዱ ብዙ ጊዜ አስተማማኝ አይደለም። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ወደ ጎንደር የሚደረገው በረራ ተቋርጦ ነበር፤ እስራኤልም ከ200 በላይ ሰዎችን ከጎንደርና ከባሕር ዳር አውጥታለች። ትኬት ከመግዛት በፊት የእስራኤል የብሔራዊ ደኅንነት ምክር ቤት የሚያወጣውን የጉዞ ማስጠንቀቂያ ማየትና ጎንደር ያለውን ዘመድ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የሰዓትና የቀን አቆጣጠር

ብዙ ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። በትኬት ላይ የሚጻፈው የመነሻ ሰዓት በመነሻው አገር፣ የመድረሻው ሰዓት ደግሞ በመድረሻው አገር ሰዓት ነው።

እስራኤል በበጋ ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደፊት ታደርጋለች። ይህ የሚጀምረው በማርች ወር ካለው የመጨረሻ እሑድ በፊት ባለው ዓርብ ሲሆን የሚያበቃው በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ነው። ኢትዮጵያ ሰዓቷን አትቀይርም። ስለዚህ በእስራኤል የበጋ ሰዓት ወቅት ሁለቱ አገሮች እኩል ናቸው። በክረምት ግን ኢትዮጵያ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። ለምሳሌ አውሮፕላኑ ከቤን ጉርዮን ከቀኑ 8 ሰዓት ተነስቶ 4 ሰዓት ከሩብ ቢበር፣ በበጋ አዲስ አበባ የሚገባው ማታ 12 ሰዓት ከሩብ ነው። በክረምት ግን የአዲስ አበባ ሰዓት ማታ 1 ሰዓት ከሩብ ይላል። በረራው አልረዘመም፤ ሰዓቱ ነው የተለየው።

ትኬቱ የሚጻፈው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። 08:00 ማለት ጠዋት 2 ሰዓት ነው። 14:00 ማለት ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። 20:00 ማለት ማታ 2 ሰዓት ነው። በተለይ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ባሉት ሰዓቶች ነው። ትኬቱ «ማክሰኞ 00:30» ካለ ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ማለት ነው። መንገደኛው ሰኞ ማታ አውሮፕላን ማረፊያ መገኘት አለበት። ማክሰኞ ማታ የሄደ ሰው አንድ ቀን አልፎታል።

ቀኑም እንዲሁ ነው። 05/09 ተብሎ የተጻፈ ቀን በአውሮፓ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 5 ነው፤ ይህም በኢትዮጵያ ነሐሴ 30 ላይ ይውላል። «ዘጠነኛው ወር ግንቦት ነው» ብሎ ያነበበ ሰው ግን ግንቦት 5 ይለዋል፤ እሱም ሜይ 13 ነው። በሁለቱ መካከል ወደ አራት ወር የሚጠጋ ልዩነት አለ። ጎንደር ላለ ዘመድ የመድረሻ ቀን ሲነገር ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን የወሩን ስምና ከሳምንቱ የትኛው ቀን እንደሆነ ጨምሮ መንገር ይሻላል።

ሰንበትን ለሚያከብሩ ደግሞ ሌላ ስሌት አለ። በጎንደር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትጠልቀው ከማታው 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። እንደ እስራኤል በክረምትና በበጋ የሰፋ ልዩነት የለም። ሐሙስ ሌሊት ከእስራኤል የተነሳ ሰው ዓርብ ጎንደር ሊገባ ይችላል፤ ነገር ግን አንዱ በረራ ከዘገየ ሰንበት መንገድ ላይ ይገባበታል። እሑድ ወይም ሰኞ መነሳት ከዚህ ጭንቀት ያሳርፋል።

በዕድሜ ለገፉ መንገደኞች

ቤን ጉርዮን ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታ 41 ሜትር ብቻ ነው። ቦሌ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያም ወደ 2,000 ሜትር ይጠጋል፤ ከተማው ከዚያም ከፍ ይላል። መንገደኛው ከ4 ሰዓት በኋላ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይገኛል ማለት ነው። በዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሰውነት በአንድ እስትንፋስ የሚያገኘው ኦክስጅን ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ይቀንሳል። በአውሮፕላን ውስጥ ያለው አየርም እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ካለው አየር ጋር ሊመሳሰል ይችላል። ስለዚህ ቦሌ ሲያርፍ «ወረድኩ» የሚል ሰው ሳንባው ገና ከፍታው ላይ ነው።

በደጋ ተወልዶ ያደገ ሰው «አገሬ ነው፣ ምን ይሆንብኛል» ይል ይሆናል። ሆኖም 30 ወይም 40 ዓመት በቆላ አየር የኖረ ሰውነት ከፍታውን እንደገና መልመድ አለበት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ራስ ቢያም፣ ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ቢያጥር ወይም እንቅልፍ ቢጎድል የተለመደ ነው። ማረፍ፣ ውኃ መጠጣትና ዳገት አለመቸኮል ይረዳል። የልብ፣ የሳንባ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት ሰው ግን ትኬት ከመግዛቱ በፊት በኩፓት ሆሊሙ ሐኪሙን ማማከር አለበት። ተቀምጦ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ካመመ ወዲያው ሐኪም ጋ መሄድ ያስፈልጋል።

ከ4 ሰዓት በላይ ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ በእግር ውስጥ ደም እንዲረጋ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ በየሰዓቱ ተነስቶ ጥቂት መራመድ፣ ተቀምጦም ቁርጭምጭሚትን ማንቀሳቀስ ጥሩ ነው። ከዚህ በፊት ደም ረግቶበት የነበረ ወይም በቅርቡ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ሐኪሙን ይጠይቅ።

መድኃኒት ሁልጊዜ በእጅ ቦርሳ እንጂ በሚላከው ሻንጣ ውስጥ መግባት የለበትም። ሻንጣ ሊዘገይ ይችላል፤ የስኳርና የግፊት መድኃኒት ግን አይዘገይም። ለጉዞው ከሚያስፈልገው በላይ ለአንድ ሳምንት የሚበቃ መጨመርና የሐኪም ማዘዣውን አብሮ መያዝ ይመከራል። ኢንሱሊን የሚወስዱ ሰዎች የሰዓት ልዩነቱ ቢበዛ አንድ ሰዓት ስለሆነ በዚህ በኩል ብዙ አይቸገሩም፤ ነገር ግን በረጅሙ ጥበቃ ጊዜ የሚበላ ነገር መያዝ አለባቸው። ከጎንደር ወደ ቆላማ ቦታዎች፣ ለምሳሌ ወደ መተማ ወይም ወደ ሁመራ የሚወርድ ሰው የወባ ጉዳይ ስላለ አስቀድሞ የመንገደኞች ክሊኒክ ይሂድ።

ረጅም መራመድ የማይችል ሰው ተሽከርካሪ ወንበር ትኬት ሲገዛ ማስያዝ ይችላል። ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት መጠየቅ ይሻላል። ወንበሩ የሚጠየቀው ለቤን ጉርዮን ብቻ ሳይሆን ለቦሌና ለጎንደርም ጭምር ነው። ቦሌ ላይ ከዓለም አቀፍ ወደ አገር ውስጥ በረራ ማለፍ ብዙ ስለሚያስኬድ ወንበሩ የበለጠ የሚያስፈልገው እዚያ ነው።

መርዶ ሲመጣ

ጎንደር ላይ ሰው ሲሞት ቀብሩ ብዙውን ጊዜ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ነው። ከላይ ያለው ስሌት እንደሚያሳየው ጠዋት መርዶ የሰማ ሰው በዚያው ቀን ቦታ ቢያገኝ እንኳ ጎንደር የሚደርሰው ቢፈጥን በማግስቱ ነው። ስለዚህ ለቀብር መድረስ ብዙ ጊዜ አይቻልም። ይህ የሐዘንተኛው ስንፍና አይደለም፤ የመንገዱ ርቀት ነው። ለሰባቱ የለቅሶ ቀናት ግን መድረስ ይቻላል። ይህን ቤተሰቡ ቀድሞ ካወቀ «ሳትመጣ ቀበርናት» የሚል ቅሬታም አይነሳም፤ ሐዘንተኛውም ሳይዘጋጅ እየተጣደፈ መንገድ ላይ አይቀርም።

በእንዲህ ዓይነት ጊዜ ከትኬት ይልቅ የሚያዘገየው ወረቀት ነው። የእስራኤል ፓስፖርት የያዘ ሰው ወደ ኢትዮጵያ ለመግባት ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ቪዛው በኢንተርኔት ይጠየቃል። ፓስፖርቱም ከስድስት ወር ያላነሰ ጊዜ የቀረው መሆን አለበት። ጎንደር ውስጥ የታመመ ወይም ያረጀ ወላጅ ያለው ሰው ፓስፖርቱን ሁልጊዜ ያልተቃጠለ አድርጎ ቢያስቀምጥ ይጠቀማል። ስምም መታየት አለበት። ብዙ ሰዎች እስራኤል ሲገቡ ስማቸው ተቀይሯል። በትኬቱና በቪዛው ላይ መጻፍ ያለበት ዘመድ የሚጠራበት ስም ሳይሆን በፓስፖርቱ ላይ ያለው ስም ነው፤ ፊደሉም አንድ በአንድ መመሳሰል አለበት።

ለጎንደር ዘመድ የሚነገረው ሰዓት አዲስ አበባ የሚደረስበት ሳይሆን ጎንደር የሚገባበት ይሁን። ሊቀበል የሚመጣው ሰው የሚያስፈልገው እሱ ነው።

ያው መንገድ በቀድሞው ዘመን

ዛሬ በሰዓት የሚቆጠረው ይህ መንገድ በሳምንትና በወር የሚቆጠርበት ጊዜ ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከጎንደር አካባቢ ተነስተው ወደ ሱዳን በእግራቸው የወጡት ቤተ እስራኤላውያን ያቋረጡት ርቀት በአየር ሲለካ ሩቅ አይደለም። ከጎንደር እስከ ገዳሪፍ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዛሬ ባለ ፕሮፔለሩ አውሮፕላን ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ያልፈዋል። በእግር ግን በሌሊት እየተጓዙ፣ ከሽፍታና ከወታደር እየተሸሸጉ ሳምንታት፣ ለአንዳንዱም ከወር በላይ ፈጅቷል። በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች ያለቁት ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይነገራል። መታሰቢያቸው በኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ ይገኛል።

ከሱዳን የሚነሳው በረራም ቀጥታ አልነበረም። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 በተካሄደው የሙሴ ዘመቻ ሰዎቹ ከካርቱም የወጡት በአንድ የቤልጂግ አየር መንገድ አውሮፕላኖች ሲሆን በብራስልስ በኩል ዞረው ነው እስራኤል የገቡት። ከካርቱም እስከ ሎድ በቀጥታ 1,830 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ይበቃል። በብራስልስ በኩል ግን 7,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ማለትም ከአራት እጥፍ በላይ። የተዞረው ሱዳን ከአገሯ የሚነሱ አውሮፕላኖች ወደ እስራኤል ሲሄዱ መታየታቸውን ስላልፈለገች ነበር። ነገሩ በይፋ ሲወራ በረራው በጥር 5 ቀን 1985 ተቋረጠ፤ ብዙ ቤተሰብም ተለያየ። በዚያው ዓመት መጋቢት ወር የአሜሪካ ሄርኩሊስ አውሮፕላኖች ወደ 500 የሚጠጉ ሰዎችን ከገዳሪፍ አካባቢ አንስተው በቀጥታ እስራኤል አደረሱ።

በግንቦት 24 እና 25 ቀን 1991 የሰለሞን ዘመቻ ሲካሄድ መንገዱ ከአዲስ አበባ በቀጥታ ሆነ። ርቀቱ ዛሬ መንገደኛ የሚበረው 2,580 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎች ተጓጓዙ። ወንበሮቹ ተነቅለውለት የነበረ አንድ የኤል አል ቦይንግ 747 ብቻውን ከ1,080 በላይ ሰዎች ጭኖ በረረ፤ ይህም በአንድ አውሮፕላን ከተጫነው የሰው ብዛት ክብረ ወሰን ነው።

በእነዚህ ዘመናት ሁሉ በሎድና በጎንደር መካከል ያለው ኪሎ ሜትር አልተለወጠም። የተለወጠው የሰማዩ መከፈትና መዘጋት፣ የሚኬድበት መንገድና የሚጠይቀው ጊዜ ነው። ዛሬም ጉዞ የሚያስብ ሰው ከኪሎ ሜትሩ ይልቅ መንገዱ በዚያ ሳምንት ክፍት መሆኑን ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ትኬት ከመግዛት በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሁለቱ በረራዎች በአንድ ትኬት ላይ ናቸው ወይስ በየብቻቸው?
አዲስ አበባ ላይ የሚጠበቀው ስንት ሰዓት ነው? ማደር ካስፈለገ ማደሪያውን ማን ይችላል?
ሻንጣው በቀጥታ ጎንደር ይደርሳል ወይስ አዲስ አበባ ላይ ይወሰዳል?
በአገር ውስጥ በረራ የሚፈቀደው የሻንጣ ክብደት ስንት ኪሎ ነው?
በረራው ቢሰረዝ ገንዘብ ይመለሳል ወይስ ቀን ይቀየራል?
የተጻፈው ሰዓት የየትኛው አገር ሰዓት ነው? ከእኩለ ሌሊት በፊት ነው ወይስ በኋላ?
ተሽከርካሪ ወንበሩ በሦስቱም አውሮፕላን ማረፊያዎች ተይዟል?

ዕብራይስጥ ወይም እንግሊዝኛ ማንበብ የሚያስቸግረው ሰው ትኬቱን በወረቀት አሳትሞ፣ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ሰዓቱንና ቀኑን በአማርኛ ከጎኑ ቢጽፍለት ቦሌ ላይ ሠራተኛ ለመጠየቅም ሆነ ራሱን ለማረጋጋት ይረዳዋል።